እናቱ ስትደበደብ ያየን ልጅ እንዴት እንርዳው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በባልና በሚስት መካከል ዱላ ሲነሣ ቀጥሎ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው። ጎረቤት ይገባል፤ የሚስት ወንድም ወይም የባል አጎት ይጠራል፤ በማግስቱ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ከከረረም ወሬው ለቅሬው (ለመንደሩ የመረዳጃ እድር) ይደርሳል። ጥፋተኛው ይወቀሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ወይም ጸሎት ተደርጎ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሌሊቱን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሁሉንም ሲሰማ ያደረውን ልጅ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም፤ እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ «ሂድ፣ ውጭ ተጫወት» ተብሎ ይሸኛል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ልጅ ሲባል ነው። የሚያነቡት እናት፣ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር ወይም ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እጁን አንሥቶ የተጸጸተ አባትም ከአንባቢዎቹ አንዱ እንዲሆን እመኛለሁ። ማለት የምፈልገው ድብደባውን ያየ ልጅ ራሱ ተጎጂ መሆኑን ነው፤ ባልና ሚስቱ ስለታረቁ የእሱ ጉዳይ አብሮ አይዘጋም፣ ለብቻው መታየት አለበት።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑና ትዳር ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በባላቸው ወይም በአጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በዚያው ዳሰሳ ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት እንዳለ ያምኑ ነበር። በጥያቄው ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ «ልጆቹን ችላ ካለች» የሚል ነበር። ይህን በልጅ ጆሮ ማሰብ ያስፈልጋል፤ «ልጁን እንዲህ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» እየተባለች እናቱ ስትመታ የሰማ ልጅ፣ ዱላው በእሱ ምክንያት የመጣ አድርጎ ቢወስደው ምን ይገርማል? ሚስት ባሏን የምትመታበት ቤት መኖሩም አይካድም፤ ለልጁ የሚደረገው እንክብካቤ በዚያም ቤት ያው ነው።

ልጁ ምን ያህል ያውቃል?

«ተኝቶ ነበር፤ ምንም አላየም» የሚለው አነጋገር ወላጆችን ያጽናናል እንጂ ልጁን አይጠቅመውም። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ነው፤ የወላጆችን አልጋ ከልጆች ፍራሽ የሚለየው መጋረጃ ወይም ኮምፔርሳቶ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት ስድቡም ጥፊውም ከልጅ ጆሮ አያመልጥም። ተኝቶ ቢሆን እንኳ ጠዋት የእናቱን ያበጠ ፊት፣ ያለወትሮዋ ወደ ግንባሯ የወረደውን ሻሽ፣ ከመደርደሪያው የጎደለውን ብርጭቆ፣ የአባቱን ማቀርቀር ያያል። ያላየውን ደግሞ በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ይህ ግምት አንዳንዴ ከሆነው ነገር የከፋ ነው።

ምልክቱ እንደ ዕድሜው ይለያያል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ነገሩ ባይገባውም ጩኸቱና የእናቱ ሰውነት መደንገጥ ይሰማዋል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ አልባበል ይላል፣ ጡት አልይዝም ሊል ይችላል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ የተወውን ልማድ ይመልሳል፤ ፍራሹ ላይ መሽናት ይጀምራል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይላቀቅም፣ ለአፍታ ከዓይኑ ስትሰወር ያለቅሳል። በዚህ ዕድሜ በዙሪያው የሚሆነው ሁሉ በእሱ ሰበብ የሚሆን ስለሚመስለው፣ «ወጡን ስለደፋሁት ነው» የሚል ሐሳብ ለማንም ሳይናገር ለወራት ይዞ ሊቆይ ይችላል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪው ደግሞ ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ ይላል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይደባደባል፣ ወይም በተቃራኒው ከመጠን በላይ ጨዋ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ እናገራለሁ፤ እኛ ዘንድ ዝምተኛና ታዛዥ ልጅ ይመሰገናል እንጂ አይጠየቅምና። ጠብ ሲጀመር ታናናሾቹን ሰብስቦ የሚያወጣ፣ አባቱ ሲገባ ፊቱን አይቶ የምሽቱን ሁኔታ የሚገምት፣ እናቱን ብቻዋን ላለመተው ሲል ከትምህርት ቤት የሚቀር የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ሸክም ተሸክሟል። ጎረምሳው ወይም ልጃገረዷ መሐል ገብተው ይመታሉ፣ አለዚያም ከቤት መራቅን ይመርጣሉ፤ አንዱ ጫት ሲቅም ማምሸት ይጀምራል፣ ሌላዋ ከዚያ ቤት ለመውጣት ብቻ ያለ ዕድሜዋ ማግባትን ወይም ዓረብ አገር መሄድን ታስባለች። የልጃቸውን መሄድ በድህነት ብቻ የሚያስረዱ ወላጆች ቤታቸው ውስጥ የነበረውንም ቢጠይቁ መልካም ነው።

አደጋ የሚጠብቅ ሰውነት አያርፍም። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሰውነትን ለሽሽት ወይም ለትግል የሚያዘጋጁ ሆርሞኖች ይመነጫሉ። ይህ ለአፍታ ሲሆን ሕይወት ያድናል፤ በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን እንቅልፍን፣ ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል፤ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ የተኩስ ድምፅ የሰሙና ከቤታቸው የሸሹ ልጆች አሉ። ለእነርሱ የበር መደብደብና የሌሊት ጩኸት የቤት ጠብ ብቻ ሆኖ አይሰማቸውም፤ ያንን ጊዜም ይቀሰቅስባቸዋል።

ዱላው በተነሣበት ሰዓት

በዚያች ሰዓት የልጁ ድርሻ ራሱን ማራቅ ብቻ ነው። እናቱን ማዳን የእሱ ሥራ አይደለም፤ ይህም አስቀድሞ፣ ቤቱ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ሊነገረውና ሊለማመደው ይገባል። እናቱ እንዲህ ልትለው ትችላለች፦ «ጩኸት ስትሰማ መካከላችን እንዳትገባ። እኔን የምትረዳኝ እህትህን ይዘህ አክስትህ ቤት ስትሄድ ነው።» የሚሄድበት ቤት አስቀድሞ ይታወቅ፤ የዚያ ቤት ባለቤትም ተነግሯት በሌሊት በሯን ለመክፈት ፈቃደኛ መሆኗ ይረጋገጥ። የደሴ ሌሊት ብርዱ ቀላል ስላልሆነ ለልጆቹ የሚደረብ ነገር እዚያው ቢቀመጥ ይበጃል። ከግቢው መውጣት የማይቻል ከሆነ ልጁ ቢላ፣ ከሰልና የፈላ ውሃ ካለበት ከወጥ ቤት ይራቅ፤ ወደ ውጭ በሚያስወጣ በር አጠገብ ይሁን እንጂ ቁም ሣጥን ወይም አልጋ ሥር አይደበቅ። ስልክ መጠቀም የሚችል ልጅ ለማን እንደሚደውልና ቤቱን እንዴት እንደሚያመለክት ይለማመድ፤ የቤት ቁጥር ብቻውን ሰው ስለማያደርስ «ከመስጊዱ ጀርባ» ወይም «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቅያስ» ብሎ ማስረዳት መቻል አለበት። ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ቤተሰብ ልጆቹ ከየትኛው ወላጅ ጋር ብቻቸውን እንደሚያድሩም አብሮ ያስብበት።

ጎረቤት ከሆኑ ብቻዎን አይግቡ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ፣ ቢቻል ሰውየው የሚያከብረውን ሰው ጨምራችሁ በሩን አንኳኩ። ቀላል ሰበብ ጠቡን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ቀድሞ «እሳት ልጭር» ተብሎ ይገባ እንደነበረው ዛሬም ክብሪት ወይም የስልክ ቻርጀር መጠየቅ የጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ ይሰጣል፤ በዚያች ደቂቃ «ልጆቹ ዛሬ ከልጆቼ ጋር ይደሩ» ብሎ ይዟቸው መውጣት ይቻላል። ነገር ግን ቢላ ወይም ሌላ መሣሪያ ከተያዘ፣ አንገት ከታነቀ፣ «እገድልሻለሁ» የሚል ዛቻ ከተሰማ ወይም እናቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች በሰበብ ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ወዲያው ለፖሊስ ይደወል። የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ቁጥር በግቢው ነዋሪ ሁሉ ስልክ ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይገባል። አንገቷ የታነቀ ሴት በውጭ ምልክት ባይታይባትና «ደህና ነኝ» ብትልም እንኳ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሕይወቷን ሊያሳጣት ስለሚችል በዚያው ሌሊት ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ለልጁ ምን እንበለው?

ልጁን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ንግግር አይደለም። ሙቀት፣ ውሃ፣ የሚቀመስ ነገርና የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መሆን ይቀድማል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብረውት ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ በአፍንጫ እያስገቡ እስከ 3፣ በአፍ እያወጡ እስከ 5 ይቁጠሩ። ትንሽ ልጅ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ እንዲል ቢነገረው ይገባዋል። መታቀፍ ከፈለገ ይታቀፍ፤ ካልፈለገ አይገደድ።

ከዚያ፣ በዚያው ሌሊት ወይም ቢዘገይ በማግስቱ፣ እውነቱ በአጭሩ ይነገረው። የሆነው ነገር በስሙ ይጠራ፤ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ በግልጽ ይነገር፤ ቀጥሎ የሚሆነውም ይታወቅ። ለትንሽ ልጅ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ትናንት ማታ አባትህ መታኝ። ሰው መምታት ጥፋት ነው። በአንተ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ብታለቅስም፣ ብታጠፋም፣ እንቢ ብትልም በአንተ ምክንያት አይደለም። ዛሬ አያትህ ቤት እናድራለን፤ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርስህ እኔ ነኝ።» ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በእርግጠኝነት የሚፈጸም ነገር ብቻ ይሁን። «ከእንግዲህ አይደገምም» የሚል ተስፋ ከልብ የሚሰጥ ቢሆንም የእናትየው ሥልጣን አይደለም፤ ዱላው በተደገመ ጊዜ ልጁ በእርሷም ቃል ላይ የነበረውን እምነት ያጣል።

ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን አንድ ቀን መናገር አይበቃም። ልጁ ራሱን እየወቀሰ መሆኑ በየሰበቡ ይወጣል፤ ሰሐን ሲሰብር ከልክ በላይ ይደነግጣል፣ ከአባቱ መምጫ ሰዓት በፊት ቤቱን ያስተካክላል፣ «ጎበዝ ተማሪ ብሆን ግን…» ይላል። በየጊዜው፣ ያለ ምርመራ፣ ያንኑ ቃል ይድገሙለት።

ሲናገር ያድምጡት እንጂ አይመርምሩት። «ማን ቀድሞ ተሳደበ?»፣ «አባትህ ስለ እኔ ምን አለ?» የሚሉ ጥያቄዎች በእናትና በአባት መካከል ፈራጅ ያደርጉታል። «በጣም የፈራኸው የቱ ጋ ነው?»፣ «አሁን ምን ያሳስብሃል?» የሚሉት ይሻላሉ። ብዙ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲጠይቁት ይዘጋል፤ ቡና ሲለቀም፣ ልብስ ሲታጠብ ወይም ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ ጎን ለጎን እየተጓዙ ግን ይናገራል። አንድ ቀን «አባዬን አልወደውም» ብሎ በማግስቱ ድምፁን ሲሰማ እየሮጠ ቢሄድ ከዳኝ ብሎ ማሰብ አይገባም። «አባትህን መውደድህ ጥፋት አይደለም፤ ያደረገውን መጥላትህም ጥፋት አይደለም» የሚለው ቃል ለዚህ ልጅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ለጎረመሰ ልጅ አነጋገሩ ይለወጣል። እናቷን ለመከላከል መሐል ለገባች የ14 ዓመት ልጅ «ምን ጥልቅ አደረገሽ!» ከማለት፣ «ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ግን እናትሽ እኔ ነኝ፤ አንቺን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። ዳግመኛ እንዳትገቢ፤ ወጥተሽ ሰው ጥሪልኝ» ማለት ይገባል። ትልቅ ሆናለች ተብሎ የአባቷን ሴት፣ የዕዳውን መጠን፣ የመኝታ ቤቱን ጉዳይ ሁሉ እየነገሩ ምሥጢረኛ ማድረግ ግን ልጅነቷን መውሰድ ነው። እናት የምታማክረው ሰው ያስፈልጋታል፤ እህት፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት ወይም የምታምናቸው የሃይማኖት አዋቂ ይሁኑ እንጂ ልጇ አትሁን።

በቅን ልብ የሚነገሩ ነገር ግን የሚጎዱ ቃላትም አሉ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለት ፍርሃቱን ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ነው። «ሰይጣን አሳስቶት ነው» ሲባል የሰማ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሰይጣን እንዳለ ያስብና እንቅልፍ ያጣል፤ የመታው ሰውም ላደረገው ነገር ተጠያቂ እንዳልሆነ ይማራል። ከሁሉም የከፋው «ስለሚወደኝ፣ ስለሚቀናብኝ ነው» የሚለው ነው፤ ይህን እየሰማች ያደገች ሴት ልጅ ነገ ባሏ ሲመታት ምን እንደምትል ማሰብ ነው።

«ገመናችንን አታውጣ» ስለሚለውም ጥቂት ማለት አለብኝ። የቤትን ገመና መሸፈን በባህላችን የክብር ነገር ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሆኖም ይህ ግዴታ በ7 ዓመት ልጅ ላይ ሲጫን፣ ልጁ ሲጨንቀው የሚሮጥበት ሰው አይኖረውም። መፍትሔው ለማን መናገር እንደሚችል አብሮ መወሰን ነው፤ «ይህን ነገር ለአያትህ፣ ለአክስትህና ለመምህርትህ መናገር ትችላለህ፤ ብትነግራቸው አልቆጣህም» ይባል።

ልጁ የነገረው ለእርስዎ ከሆነ፣ ጎረቤትም ይሁኑ መምህር፣ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። «አንተን ለመጠበቅ ከሚረዱኝ ሰዎች በቀር ለማንም አልናገርም» ይበሉትና «ስለነገርኸኝ ጥሩ አደረግህ» ብለው ያመስግኑት። ከዚያ በቁጣ ተነሥተው አባቱን ለማናገር አይሂዱ፤ «ማን ነገራቸው?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ምሽት በልጁና በእናቱ ላይ ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ እናትየውን ብቻዋን አግኝተው፣ ለደኅንነቷ የሚበጀውን ከእርሷ ይስሙ።

ተከታዮቹ ሳምንታት

የተናወጠን ልጅ የሚያረጋጋው የዕለት ተዕለት ኑሮው ወደ መስመሩ መመለሱ ነው። የሚተኛበት ሰዓት፣ የምሳው ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ፣ የቁርኣን ቤቱ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ባሉበት ይቀጥሉ። አያት ቤት ቢገባ እንኳ የራሱ ብርድ ልብስና ደብተሩ አብረውት ይሂዱ። ፍራሽ ላይ ቢሸና አይገረፍ፤ ፍራሹን ግቢ ውስጥ ለሰው ሁሉ አሳይቶ ማሳፈርም ያው ቅጣት ነው። ወንድሙን ቢመታ «መናደድ ትችላለህ፤ መምታት ግን በዚህ ቤት ለማንም አይፈቀድም» ይባል፤ ይህን ቃል ይዞ አለንጋ ማንሣት ደግሞ ቃሉን ያፈርሰዋል። በጨዋታው ውስጥ አንዱ ሌላውን ሲመታ ቢያሳይ የሆዱን እያወጣ ነውና አያስቁሙት፤ አጠገቡ ተቀምጠው «ይቺ አሁን ማን ይርዳት?» ብለው ቢጠይቁት ከመከራው የሚወጣበትን መንገድ አብሮ ያስባል።

ብዙ ልጅ ቤቱ ሰላም ሲሆን በጊዜ ብዛት ያገግማል። ቅዠቱ፣ ፍርሃቱ ወይም ሰውን መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ትምህርቱ እየወደቀ ከሄደ ወይም ሰውነቱ እየከሳ ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከዚያ በደሴ ሪፈራል ወይም በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወደሚገኘው የሥነ አእምሮ አገልግሎት ሊላክ ይችላል። ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅ። ጸበልም ሆነ ዱዓ ለሚያምን ቤተሰብ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ሐኪሙን የሚያስቀር ግን መሆን የለበትም።

ለሽማግሌዎችና ለቅሬ ዳኞች

ወሎ ውስጥ ሸኽና ቄስ አብረው የሚቀመጡበት ሽምግልና ትልቅ ኃይል አለው፤ ፖሊስ ያልደረሰበት ቤት ይደርሳል፣ የሚናገረውም ይሰማል። ይህ ኃይል ለልጆቹም እንዲውል እለምናለሁ። «ታረቁ» ከማለታችሁ በፊት ሚስትን ባሏ በሌለበት አነጋግሯት፤ ልጆቹ ምን እንዳዩ፣ የት እንደሚተኙ፣ ተመትተው እንደሆነም ጠይቁ። ልጁን ግን ለምስክርነት አትጥሩት፤ በአባቱና በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «አባቴ ነው የጀመረው» ወይም «እናቴ ናት» እንዲል ማድረግ፣ የትኛውንም ቢመልስ፣ ዕድሜ ልኩን የሚጸጸትበት ነው። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚለውን ምክርም ተዉት። ይህን ቃል እናቶች ራሳቸው ይሉታል፤ «ለልጆቼ ብዬ ነው የቻልኩት» የምትል ሴት የምትወቀስበት ነገር የለም፤ የምትሄድበት ቤትና የምትኖርበት ገቢ ሳይኖራት የምትችለውን ያደረገች ናት። ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያዩትን ሁላችንም እያወቅን «ለልጆቹ ሲባል» ብለን መምከር አይገባንም።

እርቅ የሚገባው ጉዳይ ሆኖ ስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላ ልጆቹ ይጠሩ፤ አባትየው በሽማግሌዎች ፊት በአጭሩ፣ «እናታችሁን መትቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእናንተም የእርሷም አይደለም» ይበላቸው። ዱላውን ያዩ ልጆች ይቅርታውን ሳያዩ መቅረት የለባቸውም። ልጁን «የአባትህን ጉልበት ሳም፣ ይቅር ብያለሁ በል» ብሎ ማስገደድ ግን አያስፈልግም፤ ይቅር የሚልበትን ጊዜ ራሱ ያውቃል። ከቅሬው ሴቶች መካከል የምትከበር አንዲት ሴት ቤቱን በየጊዜው እንድታይ፣ ልጆቹንም ለብቻቸው እንድታነጋግር ብትመደብ፣ እርቁ መጽናት አለመጽናቱ ቶሎ ይታወቃል።

ሽምግልና የማይዳኘውም ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በወንጀልነት ደንግጓል፤ ከባድ የአካል ጉዳት ሲደርስም ክሱ የተበዳይዋን የግል አቤቱታ የሚጠብቅ አይደለም። አጥንት የተሰበረበትን፣ ስለት የተመዘዘበትን ወይም ልጅ የተጎዳበትን ነገር በካሳ መሸፈን ቀጣዩን ድብደባ መጋበዝ ነው።

እጁን ላነሣ አባት

ልጅዎ ሲያይዎት የሚደነግጥ ከሆነ፣ ይህን ፍርሃት ማስወገድ የሚችሉት በዋናነት እርስዎ ነዎት። ከላይ የተጻፈውን ይቅርታ «ግን እናትህም…» የሚል ቅጥያ ሳይጨምሩ ይናገሩ። በማግስቱ ብስኩትና ጫማ ገዝቶ መምጣት ይቅርታን አይተካም፤ እንዲያውም ዱላ በመጣ ቁጥር ስጦታ እንደሚከተል ያስተምራል። ንዴትዎ ሲነሣ ከቤት ወጥተው የሚሄዱበትን ቦታና የሚደውሉለትን ሰው አስቀድመው ይወስኑ፤ መጠጥ የሚያባብሰው ከሆነ መጠጡን ይተዉ፤ ሆኖም የሚመታው ጠጪ ብቻ ስላልሆነ ጥፋቱን ሁሉ በአረቄ ላይ አይጣሉት። ልጅዎ ለወራት ቢርቅዎት አይቆጡት፤ ፍርሃቱ የሚለቀው ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ የሚያልፉት ቀን ሲበዛ ነው።

መለያየት ከመጣ

ሴት ከቤት ለመውጣት ስትወስንና እንደወጣች ያለው ጊዜ ከሁሉ የበለጠ አደገኛ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በጠብ መሐል አይነገር፤ ምሥጢር መጠበቅ ለማይችል ትንሽ ልጅም ቀደም ብሎ አይነገር። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬትና የጋብቻ ውል ወይም ኒካሕ ቅጂዎቻቸው በሚታመን ሰው ቤት ይቀመጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰዱ እርምጃዎች የልጁ ደኅንነትና ጥቅም ቀዳሚ እንዲሆን ያዛል፤ ዳኛውም ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወስን ይህን መመልከት ስላለበት፣ በቤት ውስጥ ስለነበረው ድብደባ የሐኪም ማስረጃና የፖሊስ መዝገብ ካለ መቅረብ ይገባዋል። የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ብቻ መሆኑን፣ የወንጀሉ ጉዳይ ደግሞ ወደዚያ እንደማይሄድ እናቶች ቢያውቁ መልካም ነው። በየከተማው የሚገኘው የሴቶች፣ የሕፃናትና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያመለክታል።

ልጁ ከአባቱ ጋር መገናኘቱ ከተፈቀደ፣ ርክክቡ በአያት ቤት ወይም ሌላ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን እንጂ በእናትየው ደጃፍ አይሁን። «ቀለቡን መቼ ትልካለህ በለው»፣ «እናትህ ቤት ማን ይመጣል?» እየተባለ መልእክተኛ ወይም ሰላይ አይደረግ፤ የቀለብ ጉዳይ በትልልቆች በኩል ይሂድ። በዚህ ጊዜ ስለሚሆነው ሁሉ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ በአጭሩ መንገር ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ ይቅርና «ቤት ውስጥ ከባድ ነገር አሳልፏል፤ ሲያንቀላፋ አይምቱብኝ፤ ከእኔና ከአያቱ በቀር ማንም መጥቶ አይውሰደው፤ የተለየ ነገር ካዩበት ይደውሉልኝ» ማለት ይበቃል። በመስከረም ክፍል ሲቀይር አዲሱ መምህር ይህን ስለማያውቅ፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ሄዶ እንደገና መንገር ያስፈልጋል።